የመንገደኛ ዕዳ

ሰው ከተወለደበት ቀዬ ወጥቶ ወደማያውቀው አገር መኼድን የሚወድ ፍጥረት ነው። ወፍ ብርድን ሸሽታ ትበራለች፥ አንበሳም ሲርበው ከጫካው ይወጣል፤ እነዚህ ግን የሚነሡት ሲቸግራቸው ብቻ ነው። ሰው ግን ጠግቦ ሳለ፥ ቤትና ዘመድ ሳለው፥ ማንም ሳያባርረው ተነሥቶ ውሃ ወደሌለበት በረሃ፥ መንገድ ወደሌለበት ዱር ይኼዳል። ስለምን ኼድህ ቢሉት ካንዱ ምክንያት ወደ ሌላው ይዘላል እንጂ አጥብቆ አይመልስም። እንግዲህ የሚጠየቀው ነገር ይህ ነው፤ ሳይገደድ ምቾቱን ትቶ ወደ አስጨናቂ አገር የሚኼድ ሰው የሚመሰገን ጀግና ነውን? ወይስ ለገዛ ስሙ የሚደክም ከንቱ ነው? ጀግና ነው ቢባልስ ጀግንነቱ በምን ይለካል?

ጨርጨር የሚባለው ደጋ፥ ጭሮ፥ ሂርናና መሰላ የሚገኙበት አገር፥ ከሸዋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ስለሚያልፍበት ብዙ መንገደኛ አይቷል። ባንድ በኩል ቡናና ጫት የሚበቅልበት ተራራ ነው፤ በሌላው በኩል ቍልቍል እስከ አፋር ምድር የሚዘረጋው ቈላ ነው። በዚህ አገር አልፈው የኼዱትንና በዚህ አገር የተቀመጡትን ሰዎች ታሪክ አስተያይቶ የተመለከተ ሰው ለጥያቄው መልስ ያገኛል። አስቀድሞ ግን በቀድሞ ዘመን ካገር መውጣት እንዴት ይታይ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠራው ዘመን ኹሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር መኾኑን አንባቢ ይወቅ።

በጥንት ዘመን በኢትዮጵያ ካገራቸው ከሚወጡት ሰዎች መካከል ሦስቱ የታወቁ ነበሩ። ነጋዴው ጨውና ቡና ጭኖ ከሲራራ ጋራ ይወጣል፤ ትርፉን ይዞ ይመለሳል፤ የዚህ ነገር ግልጥ ነው። ባሕታዊው ወደ ዱር ይወጣል፤ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዝቋላ ተራራ በአንበሶችና በነብሮች መካከል እንደ ኖሩ በገድላቸው ተጽፏል። ባሕታዊ ግን ዱር የሚገባው ሰው እንዳያየው ነው፤ አይተው ያመሰገኑት እንደ ኾነ ዋሻውን ለቆ ወደ ባሰ ዱር ይገባል። ሦስተኛው ተማሪ ነው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ፥ አባትና እናቱ ሳያውቁ ሌሊት ተነሥቶ ወንዝ ይሻገራል። በየደጁ እየቆመ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ይለምናል። ከልጆቿ አፍ ቀንሳ ቍራሽ የምትሰጠው ሴት የየት አገር ሰው እንደ ኾነ አትጠይቀውም፤ ስሙንም አታውቅም። እርሱ ግን ያን ቍራሽ የበላበትን ደጅ አይረሳም። ተምሮ መምህር በኾነ ጊዜ የማንም ልጅ ቢመጣ ያለ ዋጋ ያስተምራል፤ የዚያችን ሴት ዕዳ የሚከፍለው እንዲህ አድርጎ ነው። ስለዚህ የተማሪ ጕዞ መከራው ብዙ ቢኾንም በመከራው አይመሰገንም። ውሻ ነከሰኝ፥ ብርድ መታኝ ብሎ የሚኰራ ተማሪ ቢገኝ ጓደኞቹ ይሥቁበታል። የሚመሰገነው ባገኘው ትምህርትና ትምህርቱን ለሌላ በማካፈሉ ነው።

አኹን ወደ ጨርጨር መንገድ እንለፍ። በ1879 ዓ.ም. አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ከአገሩ ልጅ ከዡል ቦሬሊ ጋራ ከእንጦጦ ተነሥቶ፥ አዋሽን ተሻግሮ፥ በኢቱ አገር በጨርጨር አድርጎ ሐረር ገባ። ይህ ሰው በወጣትነቱ ባገሩ ቋንቋ ድንቅ ግጥም የጻፈ ባለ ቅኔ ነበረ። ዕድሜው 20 ዓመት በኾነው ጊዜ ገደማ ግን ግጥሙን ፈጽሞ ተወና ከአገር አገር ሲዞር ኖሮ በመጨረሻ በዔደንና በሐረር ነጋዴ ኾነ። በዚያ ዓመት ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ አስረክቦ መመለሱ ነበር። ስለ መንገዱ ሲጽፍ ሂርናን በደን የተጋረዱ ሸለቆዎች ያሉባት፥ መንገደኛ በጥላ የሚኼድባት፥ ቡና የሚበቅልባት መልካም አገር ብሎ አመስግኗል። ነገር ግን ወደ ቤተ ሰቡ በሚልከው ደብዳቤ ስለ መሰልቸቱና ስለ ብቸኝነቱ ብዙ ያማርር ነበር። ሸሽቶት የመጣው የልቡ ጭንቀት እስከ ሐረር ተከትሎት መጣ። አገር መለወጥ ልብን መለወጥ እንዳይደለ ከዚህ ይታወቃል።

በ1883 ዓ.ም. ራምቦ እግሩን ታመመ፤ መራመድም ተሳነው። 16 ተሸካሚዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከሐረር እስከ ዘይላ ወደብ ድረስ ባሥራ ኹለት ቀን ያኽል አደረሱት። መንገዱ አስቸጋሪ ነበረ፤ ዝናብም መታቸው። በዚያ ጕዞ የጻፈው አጭር ማስታወሻ ተገኝቷል። በማስታወሻውም ከቃሬዛው አውርደው በኀይል መሬት ላይ ስላስቀመጡት አራት ተሸካሚዎችን አንድ አንድ ጠገራ ብር እንደ ቀጣቸው ተጽፏል። ይህን የሚያነብ ሰው ኹለት ነገር ባንድነት ይሰማዋል። ለታመመው ያዝናል፤ ሥቃዩ ብርቱ ነበርና። ለተሸካሚዎቹም ያዝናል፤ የሰውየው ሕይወት በትከሻቸው ላይ ሳለ ደመወዛቸው ተቈርጧልና። በነገሩ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ራምቦ በ1884 ዓ.ም. በማርሴይ ሆስፒታል በሞት አልጋ ላይ ሳለ ሐረር የቀረውን አገልጋዩን ጃሚን አስታውሶ ገንዘብ እንዲሰጠው ተናዘዘ። ግጥሙን ያላስታወሰ ሰው አገልጋዩን አስታወሰ። ዕዳ ማለት እንዲህ ነው፤ ሰው ጤነኛ ሳለ ቢዘነጋው በመጨረሻው ሰዓት መጥቶ ከራስጌው ይቆማል።

ከዚህ በኋላ አርባ ኹለት ዓመት ያኽል አልፎ ሌላ መንገደኛ ወደ ጨርጨር መጣ። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የእንግሊዝ መልእክተኛ ልጅ ኾኖ በ1902 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደ። ልጅነቱን በዚያው አሳለፈ፤ በ1909 ዓ.ም. ከሰገሌ ጦርነት በኋላ ድል አድራጊው ሠራዊት ሲገባ የስድስት ዓመት ልጅ ኾኖ አይቷል። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በተማረበት ቤት ግን እንግዳ ኾነ፤ ልቡ ባየው በኢትዮጵያ ቀርቶ ነበርና። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጫን ተጠርቶ መጣ። ከበዓሉም በኋላ ለአደን ወደ አዋሽ በረሃ ወረደ፤ በዚያም ሳለ የአዋሽ ወንዝ ወደ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚጠፋ መርምሮ ለማወቅ ዐሰበ። በኅዳር 1926 ዓ.ም. ግመሎች ጭኖ፥ ወደ 40 የሚኾኑ የታጠቁ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች አስከትሎ ከአዋሽ ጣቢያ ተነሣ። ዕድሜው 23 ዓመት ነበረ። ባሕዱ ከሚባለው የአፋር አገር ሲደርስ ግን መንግሥት ለሕይወቱ ሠግቶ ተመለስ የሚል ትእዛዝ ላከበት። ስለዚህ ወደ ጨርጨር ገዥ ዘንድ ወደ አሰበ ተፈሪ ወጣ።

በዚያን ጊዜ የጨርጨር ገዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ፤ በውጭ አገር ዶክቶር ማርቲን ይባላሉ። የእኒህ ሰው ታሪክ ከልብ ወለድ ይበልጣል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ የሦስት ዓመት ያኽል ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው ሲገኙ እንግሊዛውያን መኰንኖች ወደ ሕንድ ወስደው አሳደጓቸው። በሕንድና በስኮትላንድ ሕክምና ተምረው በበርማ ሠሩ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ያገራቸውን ቋንቋ አያውቁም ነበር፤ ዘመዶቻቸው የለዩዋቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ነው። በጨርጨር በተሾሙ ጊዜ አውራጃው ለሌሎቹ ምሳሌ እንዲኾን ታስቦ ነበርና ግብሩና ዳኝነቱ በሥርዓት እንዲኾን፥ መንገዱም እንዲጠረግ ደከሙ።

እንግዲህ በአሰበ ተፈሪ ኹለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀመጡ። አንዱ በኢትዮጵያ የተወለደ የእንግሊዝ ልጅ ነው፤ ሌላው በእንግሊዝ እጅ ያደጉ የኢትዮጵያ ልጅ ናቸው። ወጣቱ ወዶ ወደ በረሃ ለመግባት ፈቃድ ይለምናል። ሽማግሌው በልጅነታቸው ማንም ፈቃዳቸውን ሳይጠይቅ ባሕር የተሻገሩ ናቸው። በመጨረሻ ወጣቱ፥ አንዳች ነገር ቢደርስብኝ የኢትዮጵያ መንግሥት አይጠየቅም ብሎ ጽፎ ሰጠና ፈቃድ አገኘ። በየካቲትም ወር ከአፍደም ተነሥቶ ጕዞውን ቀጠለ።

ይህ ወረቀት ሊመረመር የሚገባው ነው። ሰው በገዛ ነፍሱ ላይ መፈረም ይችል ይኾናል፤ ነፍስ የእግዚአብሔር ናት የሚሉ ግን በዚህም ይከራከራሉ። ነገር ግን በረሃ የሚገባው እርሱ ብቻ አልነበረም። ግመል የሚነዱ፥ ውሃ የሚቀዱ፥ ሌሊት የሚጠብቁ አርባ ሰዎች ከእርሱ ጋራ ነበሩ። እነርሱ የወንዙን መጨረሻ ለማየት አልጓጉም፤ የኼዱት ለደመወዛቸው ነው። ሰውየው ቢሞት ስሙ በለንደን ጋዜጣ ይጻፋል፤ እነርሱ ቢሞቱ ሚስቶቻቸው በየቤታቸው ያለቅሳሉ። በፈቃዱ የሚደፍር ሰው ድፍረቱ የራሱ ነው፤ የሚያስከትላቸው ሰዎች ፍርሃት ግን ዕዳው ነው። ቴሲጀር ይህን ጨርሶ አልዘነጋም፤ የጭፍሮቹ አለቃ የነበረውን ኡመርን በጻፈው መጽሐፍ አመስግኖታል። ምስጋና መልካም ነው። ነገር ግን አደጋው የጋራ ኾኖ ዝናው ላንድ ሰው ብቻ ሲኾን ምስጋና ብቻውን ዕዳውን አይከፍልም።

ኹለተኛው የሚመረመር ነገር ዱር የሚለው ቃል ነው። አውሮፓውያን ያን አገር ማንም ያላየው የአረመኔ በረሃ ይሉት ነበር። አዋሽ በአቤ ሐይቅ እንደሚያበቃ ግን ከብቱን በወንዙ ዳር የሚያሰማራው አፋር ያውቀዋል፤ አባቱና አያቱም ያውቁት ነበር። ምስጢር የኾነው ለውጭ ሰው ብቻ ነው። አፋሮች እንግዳ ይገድላሉ ተብሎም ዝናቸው ርቆ ነበር። ነገሩ እውነትነት አለው፤ በ1868 ዓ.ም. ሙንዚንገር፥ በ1873 ዓ.ም. ጁሌቲ፥ በ1877 ዓ.ም. ቢያንኪ በዚያ ምድር ከነተከታዮቻቸው ተገድለዋል። ነገር ግን ሙንዚንገር የመጣው የግብጽን ወታደር እየመራ ነበር። ኹለቱ ኢጣልያውያንም የመጡት መንግሥታቸው በአሰብ በተተከለበት ዘመን ወደ ውስጥ አገር የሚያስገባ መንገድ ለመፈለግ ነው። ግድያው ይመስገን አይባልም፤ ደም ደም ነው። የአፋር ሽማግሌ ግን ከመንገደኛ በስተኋላ ማን እንደሚመጣ መጠየቁ አረመኔነት አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በዚያው በረሃ በኩል ዘለቀ። ካርታ አስቀድሞ ይገባል፥ መድፍ ተከትሎ ይገባል።

ይህ ኹሉ ሥጋት ሳለ በመጋቢት 1926 ዓ.ም. የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ቴሲጀርን በጫካ መካከል በጨረቃ ብርሃን ተቀበለው፤ ስለ አመጣጡ ጠይቆ ከሰማ በኋላም እንዲያልፍ ፈቀደለት። የእንግዳው መጽሐፍ የእንግዳውን ድፍረት ይናገራል፤ በዚያ ሌሊት የበለጠውን የደፈረ ግን አስተናጋጁ ሳይኾን አይቀርም። ሱልጣኑ የመንገደኛውን ልብ መርምሮ የሚያይበት መሣሪያ አልነበረውም፤ በቃሉ ብቻ አምኖ አገሩን ከፈተለት።

ቴሲጀር በግንቦት 1926 ዓ.ም. ታጁራ ወደብ ደረሰ፤ ከግመሎቹም የሚበዙት በረኃብ አልቀው ነበር። ከዚህ በኋላ ባደረገው ነገር ምስጋና የሚገባው አለ። በ1933 ዓ.ም. በዊንጌት ሥር ኾኖ ከአርበኞች ጋራ በጎጃም ተሰልፎ ፋሽስትን ተዋግቷል። የበላበትን ወጭት አልሰበረም። ኾኖም እስከ እርጅናው ድረስ አንድ ነገር ያማርር ነበር፤ ይኸውም አውቶሞቢልና አውሮፕላን በሚወዳቸው አገሮች ኹሉ ስለ ገቡ፥ የበረሃው ሰውም የቀድሞ ኑሮውን ስለ ለወጠ ነው። ከዚህ ላይ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል። እንግዳ አስተናጋጁ እንደ ድኻ ይኑር ብሎ ሊመኝ ይገባዋልን? መንገደኛው ጥርሱን ቢያመው ወደ ከተማ ይመለሳል፤ የበረሃው እናት ግን ልጇ ሲታመምባት የምትመለስበት ሌላ አገር የላትም። ለመንገደኛው ውበት የኾነው ነገር ለእርሷ ችግር ሊኾን ይችላል።

ነገሩ ግን ባንድ ወገን ብቻ አይፈረድም። የቴሲጀር ፍርሃት ባዶ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ ከዚያም ወዲህ በአዋሽ ዳር የጥጥና የሸንኮራ እርሻዎች ተስፋፉ። አፋሮች በበጋ ከብታቸውን የሚያሰማሩበት መልካሙ ሣር በእርሻ ተያዘ። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ በኾነ ጊዜ የሚሸሹበት አጥተው እጅግ ተጐዱ። ስለዚህ አሮጌው ይቅር የሚለውም፥ አዲሱ ይግባ የሚለውም የአገሩን ባለቤት ሳይጠይቁ ከፈረዱ ኹለቱም ይስታሉ። በሰው ቤት ያደረ ሰው ቤቱ ይፍረስ ወይም አይፍረስ ብሎ ሊፈርድ አይገባውም፤ ባለቤቱ ሲጠይቀው ግን ያየውን እውነት ሊነግረው ይገባል።

አኹን ከሚያልፉት ወደሚቀመጡት እንመለስ። አሰበ ተፈሪን የቆረቈሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በልጅነታቸው ሩቅ አገር የኼዱ ናቸው። ልጅ ሳሉ ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋራ አድዋ ዘመቱ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሩስያ ተወስደው በጴጥሮስ ከተማ የመድፍ ትምህርት ተማሩ። ተመልሰው ጨርጨርን ገዙ፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲወጣ ደከሙበት፤ በጠላት ወረራ ዘመን በጄኔቭ ስለ አገራቸው ተሟገቱ። ከዚያም በስደት ብዙ ዓመት በማዳጋስካር ኖሩ። ኋላ ተመልሰው ሂርና ተቀመጡና ምድሩን እያረሱ ኖረው በ1969 ዓ.ም. በዚያው ዐረፉ። ራምቦ አድንቆ ያለፈበትን ሸለቆ እርሳቸው አረሱት። ታሪካቸውን ጽፈው ትተዋል፤ መጽሐፉም ከሞታቸው በኋላ ታትሟል። በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ከቴሲጀር ጕዞ የማያንስ መንገድ አለ፤ ልዩነቱ ከመንገዱ ኹሉ ያመጡትን ላንድ አገር ማዋላቸው ነው። ሐኪም ወርቅነህም እንዲሁ ናቸው፤ በባዕድ አገር የተማሩትን ሕክምና ይዘው መጥተው ቋንቋውን እንደ አዲስ ተምረው ሲያገለግሉ ኖረው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

የዚህ ኹሉ ነገር ፍሬ ለዛሬ ዘመን ካልኾነ ታሪኩን ማስታወስ አይጠቅምም። ዛሬ ከመሰላ፥ ከጭሮ፥ ከሌሎቹም የሐረርጌ ከተሞችና ገጠሮች ወጣቶች ተነሥተው በጅቡቲ በረሃ በእግራቸው እስከ ታጁራና እስከ ኦቦክ ይኼዳሉ፤ ከዚያም ባሕር ተሻግረው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረብ ለመድረስ ይሞክራሉ። ግመል የላቸውም፤ ዘበኛ የላቸውም፤ ውሃ የሚይዙት በጠርሙስ ነው። የሚደርሱበት ባሕር ቴሲጀር የደረሰበት ነው። እርሱ ወደ ለንደን ተመልሶ በጂኦግራፊ ሊቃውንት ማኅበር ፊት ስለ ጕዞው ንግግር አድርጓል፤ እነዚህ ልጆች ግን በሰላም መድረሳቸው የሚታወቀው በቤታቸው ስልክ ሲደወል ብቻ ነው። ከመካከላቸው መቃብር ያላገኙ አሉ። ልጅ ልኮ ድምፁን የሚጠባበቅ ወላጅ በየሰፈሩ አለና ለዚህ አገር ካህናትና ከተሜ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። አንዱ ወዶ የገባበት በረሃ ለሌላው ችግር የነዳው መንገድ ነው። ድካሙ አንድ ነው፤ ስሙ ግን ተለይቷል፤ የአንዱ ጀብዱ ይባላል፥ የሌላው ስደት ይባላል። ከነዚህም ልጆች ደርሶ ሥራ ያገኘው የመጀመሪያ ደመወዙን ለእናቱ ሲልክ፥ ያ ተማሪ ለቍራሹ የከፈለውን ዕዳ በሌላ መልክ ይከፍላል።

እንግዲህ በመጀመሪያ የተጠየቀው ጥያቄ መልስ ያገኛል። መንገደኛ የሚለካው በአገሩ አስቸጋሪነትና በታገሠው ጥም አይደለም። ጥምንስ ግመልም ይታገሣል። የሚለካው በሦስት ነገር ነው፤ በማን ትከሻ ኼደ? ያሳደረውን ሰው ምን ብሎ ጠራው? ሲመለስስ ለማን ምን አመጣ? ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያለው ሰው ዝቋላ ቢወጣ፥ አውሳ ቢወርድ፥ ከሂርና ወደ መሰላ ገበያ ባንድ ቀን ኼዶ ቢመለስ መንገዱ መልካም መንገድ ነው። መልስ የሌለው ሰው ግን ዓለምን ቢዞር ከደጁ አልወጣም።

አዋሽ ከደጋ ወርዶ ብዙ አገር አቋርጦ ከባሕር ሳይደርስ በበረሃ ያልቃል። ባሕር አልደረሰም ብሎ የሚንቀው የለም፤ በዳሩ የጠጣ ከብትና በዳሩ የበቀለ ሣር ይመሰክሩለታልና። የሰውም መንገድ እንዲሁ ነው።